ያሪሷን ለመፍታት አንድ እሁድ፣ ለመግጠም አምስት ሳምንት

ጥቅምት 2፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

መኪናዋ ቶዮታ ያሪስ ናት፣ የ2003 ስሪት፣ ከአውሮፓ አገልግላ የገባች። የሻንሲ ቁጥሯ በቪኤንኬ ይጀምራል። ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን አጠገብ ካለው ፋብሪካ ነው የወጣችው ማለት ነው። ይህን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም። እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ደግሞ የመኪና ሆድ ይበላል። ስገዛት ላይዋ መስታወት ይመስል ነበር። ሆዷን ግን ማን አየ?

ነሐሴ ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ በግራ ጎማ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስባለች። ጥርብ ድንጋይ ላይ ኳ ኳ ትላለች። ጎሚስታው የግራው ጎማ በውስጥ በኩል እየተበላ መሆኑን አሳየኝ። ዛሬ ከሥሯ ገብቼ ሳይ የግራው ብራቾ (ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ) በኋላ በኩል የሚታሰርበት የክሮስ ሜምበሩ (ከሞተሩ ሥር የሚጋደመው ተሸካሚ ብረት) ጥግ ተሰንጥቋል። በካቻቢቴ ጫር ሳደርገው ዝገቱ እንደ ደረቅ ቂጣ እየተቀረፈ ወደቀ።

አንድ ጋራዥ ብየዳውን ጨምሮ በ28 ሺህ ብር እንሠራለን አለኝ። ብየዳ የሚለው ነው ያስፈራኝ። ይህ ብረት ሁለቱን ብራቾ፣ የመሪውን ራክ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ባለ ጥርስ ዘንግ) እና የሞተሩን የኋላ ማውንቲንግ (መያዣ) ይሸከማል። ዝገት ላይ ቢበየድ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሌላ ክሮስ ሜምበር ፈልጌ በራሴ ልቀይር ነው። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ትልቁ ሥራ የፍሬን ሸራ መቀየር ነው። ይታወቅልኝ።

ጥቅምት 3፣ እሁድ፤ መፍታት

ግቢያችን ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር ነው። አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል፤ ወፍራም የሞራሌ ቁራጭ አነጠፍኩበት። መኪናዋን በአራት ካባሌቶ (የብረት መቆሚያ) አቆምኩ። የፈታኋቸውን ሁለት ጎማዎች አስተኝቼ ከሥሯ አስገባሁ። ካባሌቶው ቢንሸራተት የምታርፈው ጎማው ላይ ይሁን፣ እኔ ላይ አይሁን።

ከጎረቤት ጋሼን ጠራኋቸው። ሥራ ያቆሙ አሮጌ መካኒክ ናቸው፤ በፊያት 600 ዘመን ነው የጀመሩት። አፋቸው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፦ ብራቾ፣ ቴስቲኒ (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጫፍ)፣ ሲሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ)፣ ኮፒሊያ (ዳዶ እንዳይላላ የምትሰካ ሽቦ)። እኔ በስልኬ የጥገና መጽሐፉን ከፍቼ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣሊያንኛ ያርሙኛል።

መጀመሪያ ባትሪውን ነቅዬ 90 ሰከንድ ጠበቅሁ፤ ኤርባግ ስላላት። ቀጥሎ መሪውን ቀጥ አድርጌ በወንበሩ ቀበቶ አሰርኩት። ይህ መታለፍ የሌለበት ነገር ነው። የመሪው ዘንግ ከራኩ ከተለየ በኋላ መሪው እንደ ልቡ ይዞራል። ከሥሩ ደግሞ የተጠቀለለች ስስ የሪባን ገመድ አለች። የኤርባጉና የጥሩምባው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በሷ ነው። መሪው ብዙ ከዞረ ትበጠሳለች።

ደስ ያለኝ ነገር፣ የዚች መኪና መሪ የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ ያለው ከክሩስኮቱ ሥር፣ ዘንጉ ላይ ነው። ስለዚህ ከራኩ የሚፈታ የዘይት ቱቦ የለም።

ሞተሩን ከላይ ማንጠልጠል ነበረብኝ። የኋላው ማውንቲንግ ሲፈታ ሞተሩ ወደ ኋላ ይጋደማል። 5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ብረት ከግራ ወደ ቀኝ አጋድሜ፣ ጫፎቹ ሥር ያረጀ ምንጣፍ አጥፌ፣ በሰንሰለት ሰቀልኩት። ብረቱ ፓራፋንጎው ላይ ሳይሆን ከውስጥ ያለው ጠንካራ ጠርዝ ላይ ነው ማረፍ ያለበት። ፓራፋንጎ ላሜራ ነው፣ ይገባል።

ቴስቲኒዎቹን ለማስለቀቅ ሹካ ልገዛ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። «ሹካ የቴስቲኒውን ጎማ ይቀድልሃል፤ ሁለት መዶሻ አምጣ» አሉ። አንዱን መዶሻ ከኋላ ደግፈው በሌላው የነክሉን (ጎማው የሚታሰርበትን ብረት) ጆሮ ከጎን ሁለት ጊዜ መቱት። ቴስቲኒው ጧ ብሎ ወደቀ። እኔ በሁለተኛው ላይ አስራ አራት ጊዜ መታሁ። አንዱ ያረፈው አውራ ጣቴ ላይ ነው።

ስህተት ቁጥር አንድ። የቀኙን ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከነክሉ የሚያገናኘውን ኳስ) እንዳስለቀቅሁ ነክሉ ከአሞርዛተሩ ጋር ወደ ውጭ ተወረወረ። አልደገፍኩትም ነበር። ሲሚያሱ በካምቢዮ በኩል ካለው መጋጠሚያ ውስጥ ተመዘዘ። ጎማ ሽፋኑ ተቀደደ፣ ጥቁር ግራሶ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። በሽቦ ወደ ሞላው ባስረው ኖሮ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። ግራውን አስሬው ነው የፈታሁት።

ክሮስ ሜምበሩን ከማውረዴ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ በነጭ ማርከር ዙሪያውን አሰመርኩ። ከሥር በክሪክ ደግፌ ዋናዎቹን ቡሎኖች ፈታሁ። ሁለቱ ሲወጡ ጥርሳቸው በዝገት ተሞልቶ ነበር፤ እየጮኹ ወጡ። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ብረቱ መሬት ላይ ነበር። ያን ማታ «ግማሹን ጨረስኩ» ብዬ ተኛሁ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ፤ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሶማሌ ተራ ደረስኩ። አሮጌውን ብረት በላዳ ጭኜ ነው የሄድኩት። «ለያሪስ ይሆናል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ መመለስ አይቻልም፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በ16,500 ብር አንድ አገኘሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ያበራል። አዲስ የተቀባ አሮጌ ዕቃ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። አልጠረጠርኩም።

ቤት ወስጄ በሜትር ለካሁት። ከግራ ፊት ቀዳዳ እስከ ቀኝ ኋላ ቀዳዳ፣ ከዚያ በተቃራኒው። ሁለቱ መስቀለኛ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። በ7 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ተጋጭቶ የተጣመመ ነው።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ሱቁ ዝግ ነው። ሻጩ በስልክ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን። ሜትሩን ዘርግቼ ፊቱ ስለካለት አጠገቡ ያሉት ነጋዴዎች ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ 1,500 ብር ጨምሬ ሌላ እንድመርጥ ተስማማን። ይሄኛው ያልተቀባ ነው፣ ያስጠላል፣ ግን ልኩ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚለየው። በመዶሻ ጫፍ ዙሪያውን ቆረቆርኩት። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተበላ ብረት ድምፁ ድፍን ነው። ሁሉም ቦታ ጮኸ።

ምክሬ አንድ ናት፦ ሜትሩን ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤት አይሁን።

የግራው ብራቾም መጣመሙ ስለታየኝ አዲስ ኮፒ በ6,800 ገዛሁ። የቀኙ ብረቱ ደህና ነው፤ ጎሚኒዎቹን (ብራቾው የሚታሰርባቸውን የጎማ ቀለበቶች) ብቻ ልቀይር ነው። ሁለት ጎሚኒ 2,400፣ ሁለት ቴስቲኒ ደግሞ ሌላ 2,400።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፤ ማጽዳትና ቀለም

ሙሉ ቀን በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር። መነጽርና ማስክ ግድ ነው፤ የሽቦው ክር ሸሚዜ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ከዚያ በናፍጣ አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ አንቲ ረስት ሁለት እጅ ቀባሁ። ብራቾና ራክ የሚቀመጡበትን ፊት አልቀባሁም። ወፍራም ቀለም ቡሎን ሥር ካለ በኋላ ይሰባበርና ቡሎኑ ይላላል።

ቀለሙ ተርፎኝ ነበር። ተነሳሁና የመኪናዋን ሆድ፣ ክሮስ ሜምበሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ በናፍጣ አጥቤ ቀባሁት። ንጹሕ ሆነ። በራሴ ኮራሁ።

ማታ አልጋ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። የነጩ ማርከር ምልክት!

ጥቅምት 17፣ እሁድ፤ ጎሚኒ

የድሮውን ጎሚኒ ከቀኙ ብራቾ ለማውጣት በክርና በቧንቧ ቁራጭ ራሴ የሠራሁት መሳቢያ የመጀመሪያውን አወጣ፣ ሁለተኛው ላይ ክሩ ተላጠ። ተሸንፌ ፕሬስ ያለው ቤት ሄድኩ፤ ለአንድ ጊዜ 300 ብር።

ስህተት ቁጥር ሦስት፣ ማርከሩን ሁለት ብለን ከቆጠርን። የኋላው ትልቁ ጎሚኒ ክብ ስለሆነ እንዴትም ቢገባ ለውጥ ያለው አልመሰለኝም። ግን ውስጡ በሁለት በኩል ክፍተት አለው። ክፍተቱ ባለበት አቅጣጫ ጎማው ይለሰልሳል፣ በሌላው ይጠነክራል። ፋብሪካው አስቦ ነው ያስቀመጠው፦ ጉድጓድ ሲመታ ትንሽ እንዲሰጥ፣ ሲታጠፍ ግን እንዳይሰጥ። እኔ ሩብ ዙር አዙሬ አስገብቼዋለሁ። ያወቅሁት የግራውን አዲስ ብራቾ አጠገቡ ሳስቀምጥ ነው። ሲወጣ ተቀደደ። ሌላ 1,300 ብር፣ ሌላ 300 ለፕሬስ። በዚህኛው ጊዜ ከመግባቱ በፊት ብራቾው ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩ። የባለቤቴ ነው። እስካሁን አላወቀችም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፤ መስቀል

ዛሬ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ ብዬ የአክስቴን ልጅ ጠራሁ። ራኩን መሬት ላይ እያለ ክሮስ ሜምበሩ ላይ አሰርኩት፤ ከላይ ሆኖ ማሰር እጅ አያስገባም።

መጀመሪያ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ፈተሽኩ። ዳዶዎቹ የመኪናዋ ሆድ ውስጥ ተበይደው የተቀመጡ ናቸው፤ ከጠፉ ላሜራ መቁረጥ ነው። ከኋላ በቀኝ ያለው ቡሎን በእጅ ሁለት ዙር ገብቶ ቆመ። በቁልፍ ልገፋው ስል ጋሼ ከአጥር ማዶ «ተው!» አሉ። እንዴት እንዳዩኝ አላውቅም።

ታፕ (የቡሎን ጥርስ ማውጫ) ሊገዛልኝ የአክስቴ ልጅ ሊሄድ ነበር። ጋሼ አስቀሩት። ከፈታኋቸው ቡሎኖች የአንዱን ርዝመት ተከትለው በግራይንደር ሦስት ቦይ አወጡበት። በዘይት ነክረው ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያሉ አስገቡት። ቦዮቹ በዝገት ዱቄት ተሞልተው ወጡ። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ከዚያ አዲሱ ቡሎን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ። ታፕ ብረት ሊቆርጥ ይችላል፤ ይሄ ግን ያለውን ጥርስ ብቻ ነው የሚያጸዳው። ዋጋው ዜሮ።

ብረቱን በሁለት ክሪክ ወደ ላይ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይዘነበላል። የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ወደ ራኩ ጥርስ የሚገባበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። የአክስቴ ልጅ ከላይ በባትሪ እያበራ «ትንሽ ግራ፣ ኧረ ቀኝ፣ የኔ ቀኝ» ሲል አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ መብራት ጠፋ። በስልክ መብራት ሁሉንም ቡሎን በእጅ ብቻ አስገብቼ ቆምኩ።

እዚህ ላይ ትክክል ያደረግሁት አንድ ነገር አለ፦ ምንም አላጠበቅሁም። አንዱ ከጠበቀ ሌሎቹ ቀዳዳዎች አይገጥሙም። ሁሉም በጣት ይገባሉ፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የሚነሳው።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ዋናዎቹን ቡሎኖች በቶርክ ሬንች አጠበቅሁ። ቁጥሮቹን ከጥገና መጽሐፉ ወረቀት ላይ ጽፌ በር ላይ ለጥፌያለሁ። እንደ ጠበቀ እያንዳንዱ ራስ ላይ ከቡሎኑ እስከ ብረቱ የሚደርስ አንድ የቀለም መስመር አደርጋለሁ። ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው።

የሞተሩ የኋላ ማውንቲንግ ቡሎን አልገባ ብሎ ነበር። ሰንሰለቱን ሁለት ዙር አላላሁት፣ ሞተሩን በጉልበቴ ገፋ አደረግሁት፣ ገባ።

ብራቾዎቹ ገቡ። ቦል ጆይንቶቹ ገቡ። የቦል ጆይንቱ ዳዶ ከጠበቀ በኋላ የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጠመልኝም። ትንሽ ወደ ኋላ ላልል ብዬ ነበር። መጽሐፉ ግን ወደፊት ነው የሚለው፤ ቀጣዩ ቀዳዳ እስኪመጣ ጨምሮ ማጥበቅ እንጂ ማላላት የለም። ኮፒሊያ ሁሉ አዲስ። የድሮውን አቃንቶ መመለስ የሚወድ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ፤ ሲሚያስና የመጀመሪያ ሙከራ

የቀኙን ሲሚያስ ውስጠኛ መጋጠሚያ አጠብኩ። በውስጡ ሦስት ኳስ መሰል ሮለሮች አሉት። አንዱ ላይ አሸዋ ገብቶ ነበር፤ መሬት የወደቀ ዕለት። አዲስ ሽፋን፣ አዲስ ግራሶ፣ ሁለት ማሰሪያ፦ 950 ብር። ለኩሽኔታ የሚሆን ተራ ግራሶ እዚህ አይገባም። ለሲሚያስ የሚሸጠው ጥቁሩ፣ ሞሊብዲነም ያለበት ነው የሚያስፈልገው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አጠበቅሁ። የስታቢላይዘር ሊንኩ ዳዶ ሲዞር እግሩም አብሮ ይዞር ነበር፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በአለን ቁልፍ ይዤ አጠበቅሁት። ጎማ ተገጠመ፤ 21 ቡሶላ፣ 103 ኒውተን ሜትር። ከካባሌቶ ወረደች።

ሦስት ነገር ታየኝ። ፊቷ ከበፊቱ ከፍ ብላ ቆማለች፣ እንደ ኩሩ በቅሎ። መሪው ቀጥ ስትሄድ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ድሮ ወደ ግራ ትስብ የነበረች መኪና አሁን ወደ ቀኝ ትስባለች። ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሬ ተመለስኩ። ጎሚኒዎቹ ሲጥ ሲጥ ይላሉ።

ጋሼ ከሥሯ አጎንብሰው አዩ። «ብራቾውን እግሯ ተንጠልጥሎ ነው ያጠበቅኸው?» አሉኝ።

አዎ።

ኅዳር 1፣ እሁድ፤ ያልጠበቅሁት ትምህርት

ይህችን በደንብ ልጻፋት፤ በጣም ያስከፈለችኝ እሷ ናት። ጎሚኒ ሦስት ነገር ነው፦ ውጩ የብረት ቀለበት፣ መሃሉ ጎማ፣ ውስጡ የብረት ቱቦ። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ክሮስ ሜምበሩ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ አይዞርም። ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚጠማዘዘው ጎማው ብቻ ነው። ጎማው ሳይጠማዘዝ የሚያርፈው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ባለችበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። እኔ ግን ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ አሰርኩት። መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒዎቹ ሁለቱም ተጠምዝዘው ቆዩ። ፊቷን ወደ ላይ የሚገፋትም ይኸው ነው። እንዲሁ ብነዳት ኖሮ አዲሶቹ ጎሚኒዎች በጥቂት ወራት ይቀደዱ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይፈልጋል። አራቱንም ጎማ ከፍ ካለ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ክብደቷ ሁሉ በጎማዋ ላይ ሆኖ ከሥር መግባት። ሞራሌ በሞራሌ ላይ ደራርቤ በምስማር መትቼ አራት መድረክ ሠራሁ። የብራቾዎቹን ቡሎኖች አላላሁ። የግራው ሲላላ መኪናዋ ዕፎይ ብላ ወረደች፤ በዓይኔ አየሁት፣ ሁለት ጣት ያህል። አራቱን ማዕዘን ገፋ ገፋ አደረግናት፣ ከዚያ እዚያው እንዳለች አጠበቅሁ።

የጥገና መጽሐፎቹ «መግጠም የመፍታት ተቃራኒ ነው» ይላሉ። መፍታት ላይ እኮ ጎማው ተንጠልጥሎ ይሁን ቆሞ ምንም ለውጥ የለውም!

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፤ ቱምቢ

ሲጥ ሲጡ ጠፋ። ወደ ቀኝ መሳቡ አልጠፋም። ሐሙስ ዕለት አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ) አስለካሁ፣ 900 ብር። ካምበር (የጎማው ከላይ ማዘንበል፤ ኔጋቲቭ ማለት ወደ ውስጥ)፦ ግራ ኔጋቲቭ 1 ዲግሪ፣ ቀኝ ኔጋቲቭ 0.2። መኪና ካምበሯ ወደ ፖዘቲቭ ወደቀረበው ጎን ትስባለች፤ ቀኝ ማለት ነው። አላይመንት የሚለካው ልጅ «ይሄ በዚህ መኪና ላይ በቴስቲኒ አይስተካከልም፤ በቴስቲኒ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው» አለኝ። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከፊት መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው። ወገቡ የቀጠነ ቡሎን ከአሞርዛተሩና ከነክሉ መካከል ገብቶ ትንሽ ያስተካክላል ብሎ ሊሸጥልኝም ነበር።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ቀለም የቀባሁት ምልክት ነው። የክሮስ ሜምበሩ ቀዳዳዎች ከቡሎኖቹ ይሰፋሉ፤ ብረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ግራና ቀኝ መሄድ ይችላል። እኔ ክሪኩ የገፋው ቦታ ላይ አሰርኩት።

ከሰፈር ግንበኛ ቱምቢ ተዋስኩ። ከግራና ከቀኝ ካሉት የሆዷ ቋሚ ቀዳዳዎች ቱምቢ ወርውሬ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ነጥብ አደረግሁ። ከሁለቱ የፊት ብራቾ ቡሎኖች ራስ ሥርም እንዲሁ። ጎማው ከመንገድ ሲነሳ ብራቾው ይወዛወዛል፤ ቡሎኑ ግን ቦታውን አይለቅም፣ ለዚህ ነው ከቡሎኑ የለካሁት። ከዚያ በሜትር። ግራና ቀኝ የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት። ግማሹን መግፋት ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ።

ብረቱን በክሪክ ደግፌ ዋናዎቹን ቡሎኖች ግማሽ ዙር አላላሁ። በረጅም ሌቫ እየገፋሁ፣ በቱምቢ እየለካሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። አንዴ 6 ሚሊ ሜትር አለፈብኝ፣ መለስኩት። አጠበቅሁ፣ መስመሩን በሌላ ቀለም እንደገና አሰመርኩ።

መሪው ማጋደሉ ሌላ ነው። የዘንጉ መጋጠሚያ በጨለማ ሲገባ አንድ ጥርስ ስቷል። ቴስቲኒዎቹን በማዞር መሪውን ቀጥ ማስመሰል ይቻላል፤ ብዙ ቦታ የሚያደርጉት ያንን ነው። ግን ያኔ ራኩ ከመሃሉ ወጥቶ ይቆያል፣ በአንድ በኩል የበለጠ ትታጠፋለች። መጋጠሚያውን ከላይ አላልቼ አወጣሁ፣ አንድ ጥርስ አዙሬ መለስኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

ኅዳር 8፣ እሁድ

በሲባጎ ቶዋን ራሴ ለካሁ፤ መኪናዋን ግራና ቀኝ በሲባጎ አጥሬ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው ፊትና ኋላ ጠርዝ። አንድ ሙሉ ጠዋት። ወደ ማሽኑ በደህና ለመድረስ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አላምነውም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ሁለተኛ አላይመንት፣ ሌላ 900። ካምበር ግራ ኔጋቲቭ 0.6፣ ቀኝ ኔጋቲቭ 0.6። ልጁ ወረቀቱን ሁለቴ አየ። «ያን ቡሎን ከሌላ ቦታ ገዛህ?» አለኝ። ቱምቢ ነው አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ። ቶዋን አስተካክሎ ሰጠኝ። ቀለበት መንገድ ላይ መሪውን ለአፍታ ላላ አድርጌ ያዝኩ፣ ቀጥ ብላ ሄደች።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፤ ሒሳብ

ክሮስ ሜምበሩ ጭማሪውን ይዞ 18,000፣ የግራ ብራቾ 6,800፣ ጎሚኒዎች የተቀደደውን ጨምሮ 3,700፣ ፕሬስ ሦስት ጊዜ 900፣ ቴስቲኒ 2,400፣ የሲሚያስ ሽፋንና ግራሶ 950፣ ቀለምና ብሩሽ 1,150፣ ቡሎንና ኮፒሊያ 1,600፣ አላይመንት ሁለት ጊዜ 1,800። ድምሩ 37,300 ብር። የላዳና የምሳ አልቆጠርኩም።

ጋራዡ 28 ሺህ ነበር ያለኝ። የሚስቴ ወንድም ይህን ሲሰማ እስከ ዛሬ ይስቃል። ብየዳና ሙሉ ብረት አንድ አይደሉም ብዬ ብነግረው አይሰማኝም። ከ37,300ው ውስጥ በስህተቴ ብቻ የወጣው 3,450 ነው፦ ጎሚኒው፣ ፕሬሱ፣ የሲሚያስ ሽፋኑና ሁለተኛው አላይመንት። የጥፍር ቀለሙ ዋጋ ገና አልተጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

600 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳኋት በኋላ ከሥሯ ገባሁ። የቀለም መስመሮቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር። ከኋላ በቀኝ ያለው፣ ያ ጥርሱ በዝገት ተሞልቶ የነበረው፣ በጥቂቱ ፈቀቅ ብሏል። ወደ ቁጥሩ መልሼ አጠበቅሁት፣ አዲስ መስመር አደረግሁ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አየዋለሁ።

የግራው ጎማ የውስጥ ጠርዝ መበላቱን አቁሟል። በቀኝ በኩል ሲሚያሱ ካምቢዮ ውስጥ የሚገባበት ላይ ዘይት ማላብ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው እሁድ ሲመዘዝ ሲሉን (ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ሳይነካው አልቀረም። ሲሉን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ለሱ ክሮስ ሜምበሩን ማውረድ አያስፈልግም። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ አረጋግጫለሁ፣ ጋሼንም ጠይቄያለሁ።